ሰልስት ሳይወጣ

«ኧረ እኔ የተወለድኩት ከሺሺንዳ ወዲህ፣ ድልድዩ ላይ ነው!» አለ ኤርምያስ።

«ውሸታም! እናትህን ደግፌ የያዝኳት እኔ አይደለሁ? ዳገቱ ላይ ነው» አሉት እትዬ ታንጉት። ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ።

ፍራሽ ላይ የተቀመጠችው አብርሆት ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ሳቋን ሸፈነች። አባቷን ፍቃዱን ትናንት ነው የቀበሩት። የቦንጋ ሆስፒታል አንዲት መኪና ብቻ ከነበረችው ጊዜ ጀምሮ አምቡላንስ ሲነዳ ኖሯል። ዛሬ ለቀስተኛው ማን የት መንገድ ላይ እንደተወለደ ይሟገታል።

«እኔስ?» አሉ እናቷ በዛወርቅ እንባቸውን እየጠረጉ። «ይቺን ልጅ ያማጥኩ ቀን እሱ የሰው ሚስት ሊያመጣ ቢታ ገነት ሄዶ፣ እኔ በእግሬ ሆስፒታል ገባሁ! ሲመለስ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹አንቺማ የሆስፒታሉ ጎረቤት ነሽ፤ ሩቅ ያለችው እሷ ናት።›»

ሰው ሳቀ። አብርሆት ግን ይህን ወሬ ከልጅነቷ ጀምሮ እንደ ቂም ይዛዋለች። ሕንድ አገር ስትማር ደውላ ወሬዋን ሳትጨርስ፣ «ቆይ ልጄ፣ ወላድ አለች ብለውኛል» ይላት ነበር። ተመልሳም ልቧ አላረፈም፤ የሁሉም አባት የሆነ ሰው የእሷ መሆኑን ትጠራጠር ነበር።

በዚህ መሃል ንፍሮ የምታዞረው ጎረቤታቸው ማርቲ ሳህኑን ለቀቀችው። ወሯ ገብቷል።

«እትዬ... መጣ መሰለኝ!»

ኤርምያስ ሆስፒታል ደወለ። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ሊያመጣ ወደ ዋጫ ወጥቷል። ባጃጅ በዚያ ጭቃ ዳገቱን አይሞክረውም፤ ማርቲ ደግሞ መራመድ አልቻለችም። የፍቃዱ አሮጌ ላንድክሩዘር ጓሮ ቆማለች፤ ነጂ ግን የለም። አብርሆት ተነሳች።

«ኧረ በሕግ! ሐዘንተኛ ሰልስት ሳይወጣ ከቤት አይወጣም!» አሉ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ጣሰው።

«ጣሰው፣ እሱ ይህን ቢሰማ ከመቃብሩ ተነስቶ ይነዳት ነበር» አሉ በዛወርቅ። «ሂጂ ልጄ!»

«እንግዲያው ቀስ በይ» አሉ ጣሰው፣ የመኪናዋን በር ራሳቸው እየከፈቱላት።

መሪውን ስትይዝ ያለፈው ክረምት መጣባት። አባቷ በዚህችው መኪና ሲያስተምራት፣ «ኮረኮንች ላይ ፍሬን በድንገት አትርገጪ፤ ከኋላ ወላድ አለች» ይላት ነበር።

«አባዬ፣ የምን ወላድ? ባዶ ነው እኮ!»

«ትመጣለች።»

አሁን ከኋላ ማርቲ ትጮኻለች። «ቻል አድርጊው!» ይላሉ አጠገቧ የተቀመጡት ታንጉት። «ይሄም ልጅ እንደ ኤርምያስ መንገድ ላይ ተወልዶ ሲያደርቀን ሊኖር ነው!»

የሆስፒታሉ ዘበኛ መኪናዋን ከሩቅ አውቆ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ። ማርቲ አዋላጆቹ እጅ ከገባች ብዙም ሳይቆይ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ። ሴት ናት። ታንጉት እልል አሉ፤ ሐዘን ላይ መሆናቸው ትዝ ሲላቸው አፋቸውን ያዙ።

«እልል በሉ እንጂ እትዬ» አለቻቸው አብርሆት።

ሊመለሱ መኪናዋ ውስጥ ሲገቡ ታንጉት ትክ ብለው አዩዋት። «አንቺ! ጫፍ ላይ ተንጠልጥለሽ ነው እንዴ ያመጣሽን? ወንበሩን ወደ ፊት ሳቢው እንጂ፣ ወገብሽ!»

ወንበሩ በአባቷ ረጅም እግር ልክ ወደ ኋላ እንደተገፋ ነው። አብርሆት ከሥሩ ያለውን ማንሻ ጨበጠች። ጥቂት ይዛው ቆየች። ከዚያ ለቀቀችውና፣ ጫፉ ላይ እንደተቀመጠች ሞተሩን አስነሳች።