ሳይጠጣ የሚንገዳገደው ሰው

ባልየውን ሰፈሩ ሁሉ «ውሃ ልክ» ብሎ ነው የሚጠራው። መስታወት ቆራጭ ነበር። ሌላው ሜትር ዘርግቶ፣ ማስመሪያ አስደግፎ፣ ትንፋሹን ውጦ የሚቆርጠውን እሱ በዓይኑ ለክቶ የመቁረጫ አልማዟን አንዴ ሸርተት ሲያደርጋት መስታወቱ ያለ ክርክር ለሁለት ይከፈልለታል። ሚስቱ ባንኮኒው ላይ ቆማ ትዕዛዝ ትቀበላለች፣ ደንበኛ ትሸኛለች፣ የሚከራከር ከመጣም ትከራከራለች። ምላሷ ከባሏ አልማዝ የባሰ ስለት አለው ይሏታል፤ እሷም እንደ ሙገሳ ነው የምትወስደው።

ውሃ ልክ ድሮ ይጠጣ ነበር። ይጠጣ ነበር ማለት ብቻ አይገልጸውም። የገዛ በሩን ስቶ የጎረቤት በር ሲደበድብ ያደረ፣ ለሙሽሮች የታዘዘ የቁም መስታወት ላይ ተቀምጦ ያደቀቀ ሰው ነው። ሚስቱ አንድ ቀን ልብሷን ጠቅልላ እህቷ ቤት ገባች። ደጅ ጠናት፣ እናቱን አማላጅ ላከ፣ ምሎ ተገዝቶ መለሳት።

«አንዲት ጠብታ ከቀመስክ» አለችው ስትመለስ፣ «አታውቀኝም፣ አላውቅህም።»

ቃሉን ጠበቀ። ዓመታት አለፉ። የእሷ ልብ ግን አንድ ዓይኑን ገልጦ ነበር የሚተኛው።

አንድ ቀን ቁርስ ላይ ሻይ ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ ጣቶቹ ብርጭቆውን አልፈው ሄዱና በክንዱ ገፍቶ ጭኑ ላይ ደፋው። «እኔን!» ብላ ጨርቅ አቀበለችው። በሳምንቱ አንድ ሥራ ተቋራጭ የወሰደውን የመስኮት መስታወት ጭኖ መለሰ። ጠርዙ እባብ የሄደበት ይመስላል። «ውሃ ልክ ምን ነካው?» አለ ሰውየው። ሚስትየዋ የደንበኛውን መስኮት አጣጥላ ሸኘችው፤ ከዚያ ዞር ብላ ባሏን አየችው። እግሮቹን ግራና ቀኝ አንፈራጦ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ወደ ጓዳ እየገባ ነበር።

ያንን አካሄድ ታውቀዋለች።

ከዚያ በኋላ ያየችው ሁሉ ያንኑ ይመሰክርበታል። ጠዋት ጠዋት ራሱን ይዞ ይነሳል፣ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ያስመልሰዋል፣ እንደገና ሊተኛ ይፈልጋል። ሲናገር ቃሉን እየጎተተ፣ አንዱን ቁራጭ ከፍ ሌላውን ዝቅ እያደረገ ነው።

«ወደዚህ ና» አለችው አንድ ማታ። «ተንፍስ።»

ተነፈሰላት። የሸተታት የጥርስ ሳሙና ብቻ ነበር።

«ደግመህ።»

«አልጠጣሁም። እናቴ ትሙት!»

«እናትህን ተዋት። በእሷ ስትምል ድሮም ሰምቼሃለሁ።»

ምንም ሽታ ማጣቷ አላረጋጋትም፤ ጭራሽ አበገናት። ድሮ ሲዋሽ ቢያንስ ይሸት ነበር፤ አሁን ደግሞ ረቀቀብኝ አለች። ሱቁን በረበረች። የስቱኮውን ቆርቆሮዎች ከፈተች፣ የሽንት ቤቱን ውሃ መያዣ ክዳን አነሳች፣ ቁራጭ መስታወት የሚጣልበትን ሣጥን ስትጎረጉር ጣቷን ቆረጠች። ጠርሙስ የለም። ደሟን እየመጠጠች «የት ነው የምትደብቀው?» ብላ ጮኸች።

«ጭንቅላቴ ውስጥ!» አላት በንዴት። ምን እንደተናገረ ሁለቱም አላወቁም።

አማቷ በዚያው ሰሞን ሊጠይቁ መጡ። አሮጊቷ ልጃቸው ወንበር ስቶ መሬት ሲቀመጥ አዩና ምራታቸውን ጥግ ወስደው «ጀመረ አይደል?» አሏት። «ጀመረ፣ እማማ» አለች። «እኔስ ጠርጥሬ ነበር፤ ጠባይ ከቆዳ ጋር ነው የሚወጣው» አሉ አማቷ፣ ከንፈራቸውን መጠጡና ሄዱ።

የባሰው ቀን የመጣው አንድ የመታጠቢያ ቤት መስታወት ላድርስ ብሎ ሲወጣ ነው። ከሱቁ ደጃፍ ብዙም ሳይርቅ እግሩ ከእግሩ ተጠላለፈና ከነመስታወቱ አስፋልቱ ላይ ተዘረጋ። መኪና ጡሩንባ ነፋ። ጫማ ጠጋኙ «ገና በጠዋቱ ሞቅ ብሎታል!» አለና ሰው ሳቀ። እሷ ከባንኮኒው ሆና አየች፤ ልታነሳው ግን አልሄደችም። ቁልፉን ይዛ ወጣች፣ የሱቁን በር ከውጭ ቆለፈች፣ ስባሪው መካከል በአራት እግሩ ወደቆመው ባሏ ሄዳ ከላዩ ላይ ቆመች።

«ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ሱቅ አትገባም።»

«ሱቁ የኔ ነው።»

«ነበር። ሰካራም!»

ሰው እየሰማ ነው። እሱም ተነሳ፤ ከመዳፉ ደም እየፈሰሰ «አንቺ እንኳን ሚስት፣ ጎረቤትም አትሆኚም» አላት። ቃሉ ተጎታተተና ሰው እንደገና ሳቀ።

ሐኪም ቤት የወሰደችው ልታሳክመው አልነበረም። ልትረታው ነው። እጁ ከተሰፋለት በኋላ ሐኪሙን «ደሙን መርምሩልኝ፤ ምን እንደሚጠጣ ልወቅ» አለች። ውሃ ልክ ክንዱን ገልብጦ ሰጠ። «ቅዱ» አለ። «እስኪበቃት ቅዱ።»

ደሙ ንጹህ ሆነ። ሐኪሙ ግን አረማመዱን አይቶ ስለነበር የነርቭ ሐኪም ዘንድ ላካቸው። የነርቭ ሐኪሟ ልጅ እግር ሴት ናት፤ ፊቷ ላይ ፈገግታ የለም፣ ድምፅዋ ደረቅ ነው።

«በሌባ ጣትዎ አፍንጫዎን ይንኩ። አሁን ደግሞ የኔን ጣት።»

እጁ ጭኑ ላይ ሳለ ድንጋይ ነበር። ወደ ጣቷ ሲላክ ግን መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ በቀረበ ቁጥር ባሰበት፤ ጣቷን አልፎ አየሩን ወጋ። ተረከዙን ከሌላኛው እግሩ አውራ ጣት እያገናኘ እንዲራመድ አዘዘችው፤ ግድግዳው ባይኖር ወድቆ ነበር። የጭንቅላቱ ኤምአርአይ ተነሳ፤ ሐኪሟም ፎቶውን መብራት ላይ ሰቅላ ከማጅራቱ በላይ ያለችውን ነጭ እብጠት አሳየቻቸው።

«ይሄ ትንሹ አንጎል ነው። ትልቁ አንጎል ‹ብርጭቆውን አንሳ› ብሎ ያዛል። እጅዎን ምን ያህል እንደሚዘረጉ፣ መቼ እንደሚያቆሙ፣ የትኛው ጡንቻ ሲጠብቅ የትኛው እንደሚላላ አስተካክሎ የሚመጥነው ይሄኛው ነው። ሚዛን የሱ ነው፤ የንግግር ቅልጥፍናም የሱ ነው። እብጠቱ ተጭኖታል። ራስ ምታቱና የጠዋት ማስመለሱም ከዚያ ነው።»

«ሰካራም… ይመስላል እኮ» አለች ሚስትየዋ። ድምፅዋን ራሷ አላወቀችውም።

«መምሰሉ አይገርምም። መጠጥም ሰውን የሚያንገዳግደው ይህንኑ ክፍል እያወከ ነው።»

«እንግዲያው ድሮ በጠጣው የመጣ ነው?»

ይህን ስትጠይቅ ድምፅዋ ውስጥ ልመና ነበረበት። ሐኪሟ ሰማችው፤ አልራራችም።

«አይደለም። መጠጥ ይህን እብጠት አላመጣም። ክፉ ዓይነት አይመስልም፤ ግን ቶሎ መውጣት አለበት።»

ውሃ ልክ በሳቅ ፈነዳ። እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ ከዚያ ጣቱን ሚስቱ ላይ ሊቀስር እጁን አነሳ። «ይቺ ናት» አለ፣ «ይቺ ናት ሰካራም ያለችኝ!» ጣቱ ግን ተንቀጥቅጦ፣ ሚስቱን ስቶ፣ ሐኪሟ ላይ አረፈ። ማንም አልሳቀም።

በቀዶ ጥገናው ቀን አማቷ ከኮሪደሩ ጥግ ሆነው አላስቀመጧትም።

«ልጄን አደባባይ ላይ ሰካራም ያልሽ! እግዜር ይይልሽ!»

«እማማ፣ ‹ጀመረ አይደል› ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

«እኔ እናቱ ነኝ፤ ብጠረጥረውም አላሳድደውም!»

«እርስዎማ አያሳድዱትም። ሲጠጣ እርስዎ ቤት አልነበረም የሚያድረው፤ ያስመለሰውን የምጠርግ እኔ ነበርኩ።»

አሮጊቷ ነጠላቸውን አጣፍተው ፊታቸውን አዞሩ። እሷም በመርታቷ ደስ አላላትም። ቀዶ ሐኪሙ እስኪወጣ ድረስ ሁለቱ ሴቶች በኮሪደሩ ሁለት ጫፍ ተቀመጡ። እብጠቱ ሙሉ በሙሉ ወጣ፤ ውሃ ልክም ነቃ።

መራመድን ከዜሮ ጀመረ። ግድግዳ እየዳበሰ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ሌላው ሰው ሳያስበው የሚያደርገውን እያንዳንዷን እርምጃ በሐሳቡ እያዘዘ። ክንዱን ልትይዘው ስትጠጋ «ወግጂ» ይላታል። ይቅርታ ጠየቀችው፤ ሰምቶ ጀርባውን ሰጣት። እግሩ ሥር ወድቃ ጠየቀችው፤ ተራምዷት ሊያልፍ ሲሞክር ሚዛኑ ከዳው፤ ወደቀባት። ከላይዋ ላይ ሆኖ ተሳደበ።

ከዚያ ቅጣቱን ጀመረ። ማታ ማታ፣ ራት ሲያበቃ፣ ወንበሩን ጎትቶ ፊቷ ድረስ ተጠግቶ ይቀመጥና አፉን ይከፍታል።

«አሽቺኝ።»

መጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። በሁለተኛው አሸተተችው። ይገባኛል አለች በልቧ፤ ይውጣለት አለች። ሳምንታት አለፉ፤ አልወጣለትም። እንግዳ ባለበት ሳይቀር «ነይ እስቲ፣ ዛሬ ምን ጠጥቻለሁ?» ይላታል። እንግዳው ይስቃል፤ እሷ ተነስታ ትሄዳለች፤ ትንፋሹን ትቀበላለች።

አንድ ማታ ግን ወንበሩን ሲጎትት እሷም ቀድማ ተነሳች።

«ከእንግዲህ አላሸትህም።»

«ፈርተሽ ነው?»

«በደልኩህ። መንገድ ላይ ወድቀህ ሳላነሳህ ቀረሁ፤ እሱን እስክሞት አልረሳውም። አለማመንን ግን ከማንም አልተማርኩትም፤ አንተ ነህ ያስተማርከኝ። ምለህ ምለህ መሐላህን ያረከስከው አንተ ነህ። እውነቱን የተናገርክ ቀን የሚሰማህ ያጣኸው እኮ ለዚህ ነው።»

ውሃ ልክ ጠረጴዛውን በጡጫ ሊመታ እጁን ሰነዘረ፤ ጠርዙን ስቶ ጉልበቱን መታ። በሕመሙ ላይ ንዴቱ ተጨመረበት። «ከዚህ ቤት አንዳችን እንወጣለን» አለ።

«ውጣ።»

ወጣ። እናቱ ቤት ገባ። ሱቁ በእሷ እጅ ቀረ፤ መቁረጡንም መስታወት እየሰበረች፣ ጣቷን እየተለተለች ራሷ ተማረችው። እሱ እጁ አልማዝ የሚያስጨብጥ ሆኖ አልተመለሰም። ጥቂት ወራት ቆይቶ ከመንገዱ ማዶ ያለው ተፎካካሪ መስታወት ቤት በዓይኑ እየለካ ቆራጮቹን እንዲያዝ ቀጠረው። ሌላ ቦታ ጠፍቶ አልነበረም፤ ፊት ለፊቷ ሊሠራ ነው። ደንበኞቿን በስማቸው እየጠራ ይወስድባታል። እሷም ዋጋ ቀንሳ ትመልሳቸዋለች። ሰላምታ የላቸውም።

አንድ ረፋድ ላይ ውሃ ልክ ከማዶ ወጥቶ መንገዱን ሊያቋርጥ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቆመ። የሚደገፍበትን ከዘራ ትቶት ወጥቷል። መኪናው ይጋፋል፣ ሞተር ብስክሌቱ ይሽሎኮሎካል። እሷ አልማዟን እንደያዘች ቀና አለች። እግሩን አነሳ፣ አሳረፈ፤ አንዴ ወደ ግራ ዘንበል አለ፤ ተስተካከለ። መሃል ላይ ሲደርስ አንድ ታክሲ ጡሩንባውን ነፋበት። እሷ ሳታስበው «ተጠንቀቅ!» ብላ ጮኸች።

ሰማ። ቀና ብሎ አላያትም፤ ግን መስማቱን እንድታውቅ ያህል ቆም አለ፣ ከዚያ ወደ እሷ በኩል ተሻገረ። ጠርዙ ላይ ከወጣ በኋላ ወደ እሷ ዞረና ሰው ሁሉ እንዲሰማ «ሥራሽን ሥሪ!» አላት።

«መንገድህን ሂድ!» አለችው።

ወደ መስታወቷ ጎንበስ አለች። በመዳኑ ደስ እንዳላት ስታውቅ ተናደደች፤ የጀመረችውን መስታወትም በንዴት አበላሽታ ጣለችው።