ሳህን ላይ የሚመታው ልብ

"ጠረጴዛውን እንዳይነኩብኝ፣ እትዬ!" አለች ተመራማሪዋ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

እናት እጆቿን ሰበሰበች። ጠረጴዛው ላይ ካለው ማይክሮስኮፕ ሥር፣ ትንሽ የመስታወት ሳህን ውስጥ ያለ ግራጫ ነገር ስክሪኑ ላይ ይርገበገባል። ከልጇ ደም ተወስዶ፣ እዚሁ ላቦራቶሪ ውስጥ ወደ ልብ ሕዋሳት ተለውጦ ያደገ ነው። መጠኑ ከሰናፍጭ ፍሬ አይበልጥም፤ ግን ይመታል። ሁለቴ ይመታና ቀጥ ይላል፤ ከዚያ እንደ ደነገጠ ሰው ይንደረደራል። ልጅቷ ሩጫ ሜዳ ላይ ተዝለፍልፋ የወደቀችውም ልቧ እንዲህ ሲያደርጋት ነው።

"በርዶት ይሆን?" አለች እናት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ የሚሰማት ይመስል።

"እማዬ ደግሞ! ካልሲ ልታጠልቂለት ነው?" ልጅቷ ሳቀች። ቤት ውስጥ ፌንጣ ነው የሚሏት፤ ከወደቀች ወዲህ ግን ደረጃ እንኳ ሮጣ አልወጣችም።

"አልበረደውም፣ አይጨነቁ" አለች ተመራማሪዋ። "የመጀመሪያው መድኃኒት ምንም አልፈየደም። እስቲ ይሄኛውን እንየው።"

ጠብታዋ ወረደች። ግራጫው ነገር ተንደረደረ፣ ቀጥ አለ። እናት ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ትንሽ ቆይቶ አንዴ መታ። ደግሞ መታ። ከዚያ እኩል፣ እኩል፣ እኩል።

"ሠራ! ልጄን! ሠራ!" እናት ጠረጴዛውን በመዳፏ ጧ አደረገችው። ምስሉ ተናወጠ።

"እትዬ!"

"ወይኔ ጉዴ! ገደልኩት?"

"ኧረ ደህና ነው፤ ይኸው ይመታል።" ተመራማሪዋም ሳቋን መያዝ አቃታት።

"በቃ፣ ነገ ልሩጥ?" አለች ፌንጣ ካሁኑ እየተነጠረች።

"ቀስ በይ! ሳህን ላይ ሠራ ማለት አንቺ ላይ ሠራ ማለት አይደለም። ሐኪምሽ ይወስናል። ግን መንገዱን አግኝተናል።" ተመራማሪዋ ወደ እናት ዞረች። "ይህን ሕመም ያመጣባት ዘረ መል በእርስዎም ደም ውስጥ ተገኝቷል። እርስዎን አላሳመመዎትም፤ እህትዎና ልጇ ግን ቢመረመሩ ጥሩ ነው። ቀድሞ ከታወቀ ይኸው መላ አለው።"

እናት ከሳቋ መለስ አለች። የልጇ ስም ከበሽታ ጋር እንዳይነሳ ብላ ለእህቷ "ድካም ነው የጣላት" ነበር ያለቻት። የእህቷ ልጅ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ኳስ ሲያባርር ነው የሚውለው።

ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች።

"ምን ልትያት ነው?" አለች ፌንጣ በሹክሹክታ።

"ዝም በይ፣ እየጠራ ነው… ሄሎ፣ እህቴ? ልጁን ከሜዳው ጥሪውና ተመልሰሽ ስሚኝ። አትደንግጪ። የዋሸሁሽ ነገር አለ።"