የሳውፋን ተማሪዎች

መምህር ፑን የሻዩን ስኒ አፉ ሳያደርስ እጁ ላይ እንደያዘው ቀረ። ፊት ለፊቱ የተቀመጠችው ዓሣ ሻጭ፣ ሟች ሚስቱ ሳውፋን ባትለምናት ኖሮ ልጇን ወደዚህ ቤት እንደማታመጣ እየተናገረች ነበር።

«ምን ብላ ለመነችሽ?» አላት።

«‹ልጅሽ ሰው ሲያያት አንገቷን ትደፋለች፤ ባሌ ጋ ላኪያት› አለችኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ተመላለሰች። ዓሣ እንኳ አልገዛችኝም።»

ለቀስተኞቹ ሴቶች ሳቅ አመለጣቸውና ወዲያው አፋቸውን ያዙ።

ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑ ነው። የኩንግ ፉ ትምህርት ቤቱ ጦርና ዱላ ጥግ ተከምሮ፣ በቦታው የሳውፋን ፎቶግራፍ በነጭ አበባ ተከቦ ቆሟል። የፎሻን ከተማ ሰው ኦቾሎኒ እየፈለፈለ በሹክሹክታ ያወራል። ፑን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ተማሪ የሚመጣለት በወጣትነቱ በዱላ ፍልሚያ ባተረፈው ስም ይመስለው ነበር። ለካስ ሚስቱ በየጠዋቱ ገበያውን እየዞረች ዓይን አፋር ልጅ ስታስስ ኖራለች።

አንድ ክረምት ሦስት ተማሪ ብቻ ቀርቶት ያውቃል። ያኔ ሳውፋን በር ላይ ‹አሮጊቶችንም እናስተምራለን› የሚል ማስታወቂያ ለጠፈች። ፑን አፈረ፤ የአያቴን ጥበብ ለጉልበት ሕመም መድኃኒት አደረግሽው ብሎ ሁለት ቀን አኮረፋት። በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ አሥራ አራት አሮጊቶች በሩ ላይ ተሰልፈው አገኛቸው። የአዳራሹ ኪራይ የተከፈለው በእነሱ ነው። ዛሬ ለቀስተኛውን ሻይ እያጠጡ ያሉትም እነሱው ናቸው።

በአምስተኛው ቀን ሞክ መጣ። በከተማው አምስት ቅርንጫፍ ያለው የኩንግ ፉ ትምህርት ቤት ባለቤት፣ ለፎቶግራፉ ሦስቴ ዝቅ ብሎ ሰግዶ የተቀመጠ ጨዋ ሰው ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አዳራሹን ልረከብ፣ አንተ ደመወዝተኛ አሰልጣኝ ሁን፣ በር ላይ የእኔ ስም ይሰቀል አለው።

«ማስተማሩን ታውቅበታለህ፤ ሌላውን ግን እሷ ነበረች» አለ ሞክ።

እውነቱን ነው። ፑን የሕፃናቱ ክፍል በየትኞቹ ቀናት እንደሚገናኝ እንኳ አያውቅም። በሰባተኛው ቀን መልስ እሰጥሃለሁ አለው፤ በልቡ ግን እሺ ብሎ ጨርሶ ነበር።

በሰባተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ሞክ ገና ከመቀመጡ አንዲት ሴት ትንሽ ልጅ ይዛ ገባች። የሳውፋንን ፎቶግራፍ ስታይ ደነገጠች። ከሁለት ሳምንት በፊት ሳውፋን አትክልት ተራ አግኝታት ልጅሽን ቅዳሜ አምጫት ብላት እንደነበር ተናግራ፣ ይቅርታ ጠይቃ ልጇን እየጎተተች ወጣች።

ፑን ተነሥቶ እስከ መንገዱ ተከተላት። ከወላጅ ጋር ማውራት አያውቅበትም፤ ሁልጊዜ እጁን አጣጥፎ ከኋላ የሚቆም ሰው ነበር።

«ቅዳሜ ካለች ቅዳሜ ነው» አላት። «ግቡ።»

ከዚያ ወደ ሞክ ተመልሶ፣ ስለመጣህ አመሰግናለሁ፣ አዳራሹን ግን አልሰጥም አለው። ሞክ ልጅቱን አየ፣ ፎቶግራፉን አየ፣ ሻዩን ጨርሶ ተሰናበተ።

አሮጊቶቹ ከቁም ሣጥን ትንሽ ልብስና መቀነት አወጡ። ለአዲስ ልጅ መቀነት የምታስረው ሳውፋን ነበረች። ፑን ጉልበቱ እየተንቋቋ ልጅቱ ፊት ተንበረከከና ሞከረ፤ ተፈታበት። ደገመ፤ ቋጠሮው ተገልብጦ ወጣ። አርባ ዓመት ያሰረው የራሱን ብቻ ነው።

«ሲያስተምሩ እንደዚህ አይጨነቁም» አለች አንዷ አሮጊት።

ፑን ተነሥቶ ከልጅቱ ኋላ ዞረና ዳግመኛ ተንበረከከ፤ ሁለት ክንዱን በወገቧ ዙሪያ አሳልፎ፣ የራሱን እንደሚያስር አድርጎ ቀስ ብሎ ቋጠረላት። ልጅቱ ጆሮዋ ሥር ትንፋሹን እየሰማች፣ እስኪጨርስ ሳትንቀሳቀስ ጠበቀችው።