አውጫጭኙ አላለቀም

የክልል ምክር ቤቱ ተመራጭ ስለሞቱ ለማሟያ ምርጫ የቀረቡት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ከመሐል ሜዳ ከተማ የተላከ፣ አገሬው መልኩን እንኳ የማያውቀው የመንግሥት ዕጩ፣ ሌላዋ ባሏ የሞተባት ጌታነሽ። በግል መወዳደሯን የሰማ ሁሉ «አበደች» አለ። አላበደችም፤ ነገር በሆዷ የማታሳድር ሴት ናት።

ከምርጫው በፊት የቀበሌው ሊቀመንበር በየቤቱ እየዞረ «እሷን የመረጠ ማዳበሪያ አያገኝም» ማለቱን ጎረቤቶቿ ሹክ ብለዋታል። «ምስክር ሁኑኝና ልክሰሰው» ስትላቸው ግን ሁሉም አፉን ያዘ። አንጀቷ ያረረው በዚህ ነው።

ድምፅ መስጠቱ እንዳበቃ ሊቀመንበሩ ወደ ሰማይ አንጋጠጠ።

«ዝናብ መጣ፤ ሳጥኑ መሐል ሜዳ ሄዶ ይቆጠር» አለ።

ጌታነሽ መቀነቷን ጠበቅ አደረገችና ሳጥኑ ፊት ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

«አውጫጭኝ ነው!» ብላ ጮኸች።

ሽማግሌዎቹ ክው አሉ። ቃሉን ከሰሙት ስንት ዘመናቸው! በአባቶቻቸው ጊዜ በሬ ሲሰረቅ አገሩ በሙሉ ሜዳ ላይ ይቀመጥና ሌባው እስኪወጣ ማንም ቤቱ አይገባም ነበር። መጀመሪያ የተቀመጡት የደብሩ ቄስ፣ አባ ገብረየሱስ ናቸው። ከዚያ ሰዉ ሁሉ የበግ ጠጉር ባናውን ተከናንቦ ቁጭ አለ። በረዶው ወረደ፤ የሚነሳ ጠፋ።

ሊቀመንበሩ ቢለምን፣ ቢቆጣ አልሆነለትም። የምርጫ አስፈጻሚዎቹ ሳጥኑን እዚያው ከፍተው ቆጠሩ።

ጌታነሽ በገዛ ቀበሌዋ ተሸነፈች፤ ያውም ክፉኛ። ጎረቤቶቿ አንገታቸውን ደፉ። እሷ ግን አላለቀሰችም፤ ማን ደስ ይበለው ብላ!

«ይኸው ተቆጠረልዎት፤ አሁን ይነሱ» አላት ሊቀመንበሩ ፈገግ ብሎ።

«ቆጠራው አለቀ እንጂ አውጫጭኙ መቼ አለቀ? ሌባው አልወጣም።» ወደ ሰዉ ዞረች። «ዛሬ የተሰረቀው በሬ አይደለም፤ ድምፃችሁ ነው። በየቤታችሁ የመጣው ማነው?»

ሊቀመንበሩ ጃንጥላውን አነሳ።

ያን ጊዜ የባሏ ወንድም አባይነህ ከባናው ውስጥ ብድግ አለ።

«እቴ ጌታነሽ፣ እኔም ለማዳበሪያ ብዬ ከድቼሻለሁ» አለ። ጣቱን ሊቀመንበሩ ላይ ቀሰረ። «እኔ ቤት የመጣው እሱ ነው!»

«እኔም ቤት መጥቷል» አለች አማከለች፣ የጌታነሽ ጎረቤት።

«እኔም ቤት!» «እኔም!» ከየአቅጣጫው ድምፅ ይወጣ ጀመር።

ሊቀመንበሩ ወደ መንገዱ ዞር ሲል አባ ገብረየሱስ በመቋሚያቸው መሬቱን አሳዩት።

«ቁጭ በል ልጄ፤ ገና አልተነሳንም።»

ሊቀመንበሩ ግራ ቀኝ አየ። ከዚያ በረዶው ላይ ተቀመጠ።