በጣቃ የተዘጋችው በር

እህተማርያም አንጀተ ቡቡ ናት። ኩራቷ ግን ራሱን ችሎ ሱቅ ሊከራይ ይችላል። በሰው አገር፣ ኢስትሊ በሚባል ሰፈር ውስጥ በርበሬና ሽሮ ትሸጣለች፤ ከጎኗ ራሂማ ጨርቅ ትሸጣለች። በሁለቱ ሱቆች መሀል አንዲት በር አለች፤ ጎረቤት ከሆኑ ጀምሮ ተዘግታ አታውቅም። ራሂማ ለጁምዓ፣ እህተማርያም ለቅዳሴ ስትወጣ፣ የቀረችው በዚያች በር ገብታ ትሸጥላታለች።

ዘንድሮ ዒድ ሁዳዴ ውስጥ ዋለ። ራሂማ በየዒዱ የምትልክላት ተምርና ሀልዋ ነበር። የዚያን ቀን ግን እህተማርያም ደንበኛ ስታስተናግድ ራሂማ በበሯ ብቅ ብላ፣ አበባ የተሳለበትን ሳህን ሸፍና ባንኮኒው ላይ አስቀምጣላት ተመለሰች። እህተማርያም ስትከፍተው ትኩስ ሳምቡሳ ነው።

የዒድ ሳምቡሳ ውስጥ ከስጋ ሌላ ምን ይኖራል? ደሟ ፈላ። የእስላም ስጋ እንደማልበላ እያወቀች፣ ያውም በጾሜ! እህተማርያም አንድ ጊዜ ብትጠይቅ ምን ነበረበት? አልጠየቀችም። ሳህኑን እንዳለ ለሕንፃው ዘበኛ ለሙቱዋ ሰጠችው። ሙቱዋም ደጃፉ ላይ፣ ራሂማ እያየችው፣ ተደላድሎ ተቀምጦ አጣጣመው።

በማግስቱ ራሂማ የመሀሏን በር የጨርቅ ጣቃ ደርድራ ዘጋቻት።

«እንዲያውም የተቀየመችው እሷ ኖራለች!» አለች እህተማርያም። ከዚያ ወዲያ የማይጠረጠር ነገር ጠፋ። ራሂማ ከአከራዩ ጋር ስታወራ ካየቻት ሱቄን ልታስነጥቀኝ ነው፤ በስልክ ከሳቀች የምትስቀው በኔ ነው። እሑድ ቅዳሴ ስትሄድ ሱቋን ቆልፋ ሄደች፤ ቁልፉን ቦርሳዋ ስትከት እንባዋ መጣ።

አንድ ጠዋት ሙቱዋ እሱው ጋ የሰነበተውን ሳህን አጥቦ መለሰላት። ያ የምስር ሳምቡሳ እንደገና ይኖር እንደሆነም ጠየቃት።

«የምን?»

«የምስር፣ ማማ። በዒድ ቀን ስጋ የሌለው ሳምቡሳ አይቼ ገርሞኝ ነበር።»

እህተማርያም ሳህኑን እንደያዘች ከባንኮኒው ጀርባ ወጣች።

ሌላ ሰው ቢሆን ሽማግሌ ይልካል፣ ወይ ሲመሽ ጠብቆ በስልክ ይቅርታ ይላል። እሷ ግን ያን ሁሉ ኩራቷን ዋጥ አድርጋ፣ ገበያተኛ ወደሞላበት የራሂማ ሱቅ ገባች። ጀግንነት ይሉሃል ይሄ ነው።

«ራሂማዬ፣ ስጋ መስሎኝ ነው ለዘበኛው የሰጠሁት። ሳልጠይቅሽ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ራሂማ ጨርቅ መለካቷን አላቆመችም። «አዲስ መጥበሻ ገዝቼልሽ ነበር» አለች ቀና ሳትል። «የኛ ስጋ ያልነካው።»

የሰው ሳህን ባዶውን መመለስ ነውር እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። እህተማርያም ግን ባዶውን ሳህን በሁለት እጇ ዘረጋችላት።

«ጾሙ ገና አልተፈታም፣ እቴ» አለች። «ከምስሩ አብዪኝ።»

ራሂማ ሜትሯን አስቀመጠች። ሳህኑን ተቀብላ ባንኮኒዋ ላይ አኖረችው። ከዚያ ወደ በሯ ሄዳ የላይኛውን ጣቃ ባንድ በኩል አነሳችና፣

«ያን ጫፍ ያዥልኝ» አለቻት።