የላላው ላስቲክ

ላስቲኩ ጣቷ ላይ ሰንፎ እንደነበር ልብስ ሰፊዋ ትዝ ያላት ጉርዱ ተመልሶ ከመጣ በኋላ ነው። ስትሰፋው እጇ አውቆት ነበር። እንደወትሮው ስትስበው ተመልሶ አልሳባትም፤ ተለጠጠና እዚያው ቀረ። ያን ቀን ግን ቸኩላ ስለነበረች አለፈችው። አሁን የጉርዱ ባለቤት፣ ማዶ ካለው መድኃኒት ቤት የምትሠራው ሴት፣ ወገቡን በሁለት እጇ ወጥራ በሩ ላይ ቆማለች።

«እትዬ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ሽሮፕ ላወርድ እጄን ብዘረጋ ቁርጭምጭሚቴ ላይ አረፈልኝ እኮ! ያውም ሰው ተሰልፎ እያየ።»

«ውይ፣ እኔ ልሙት!»

«እርስዎ ለምን ይሞታሉ፣ የሞትኩትስ እኔ ነኝ። አንድ ሽማግሌ መድኃኒታቸውን እዚያው ጥለው ነው የሸሹት።» ሴትዮዋ ሳቋ መጣ። «በሉ ነገ እመለሳለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ አልሳቀችም። በእጇ የወጣ ልብስ ሲመለስባት የመጀመሪያዋ ነው። ሴትዮዋ እንደሄደች የላስቲኩን ጥቅል ከሳጥኑ አወጣችና መስኮቱ ሥር ዘረጋችው። የውስጠኛው ደህና ነው። የውጭው ጫፍ ግን እንደ ታመመ ሰው ልፍስፍስ ብሏል፤ መሐሉ ላይ ጥፍር የጨመደደው ምልክትና የሰማያዊ እስክሪብቶ ነጠብጣብ አለበት። ጫፉን የያዘው መርፌ ቁልፍ ደግሞ በግራ በኩል ነው የተሰካው። እሷ በሕይወቷ በግራ ሰክታ አታውቅም።

ሰው ነክቶታል። ነክቶ፣ ለጥጦ፣ እንዳይታወቅበት መልሶ ጠቅልሎታል።

ቤቱ ውስጥ ያሉት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዷ ራሷ ናት። ሁለተኛው ወንድሟ ነው፤ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ጭነት ሲጠፋ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ይውላል፤ መርፌ ቁልፍ አምጣ ቢሉት የበር ቁልፍ ይዞ የሚመጣ ሰው ነው። የቀረችው ልጇ ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ አፏ ስለማያርፍ «ወፌ» ብላ ነው ያሳደገቻት። ወፌ አሁን ዕቃ ወደ ውጭ በሚልክ ድርጅት ውስጥ ስልክ ታነሳለች። ሰሞኑን ከሥራ ስትመለስ እራቷን ቆንጠር አድርጋ ክፍሏን ትዘጋለች። ያቺ ለፍላፊ ልጅ ሹክሹክታ አብዝታለች።

እናቲቱ የባሰውን ማሰብ ጀመረች። ይህ ላስቲክ ለጉርድ ብቻ አይደለም። ለሥራ ወደ ሰው አገር የሚሄዱ ሴቶች ፓስፖርታቸውንና ገንዘባቸውን ወገባቸው ላይ የሚታጠቁበትን ስስ ኪስ የምትሰፋው በዚሁ ላስቲክ ነው። መጀመሪያ ላስቲኩን ወገብ ላይ ዞር አድርጎ መለካት ነው፤ ቀጥሎ በእስክሪብቶ ምልክት ማድረግ ነው። ለታናሽ እህቷም የሰፋችላት እሷው ነበረች። እህቷ ከሄደች በኋላ ትንሽ ጊዜ ደወለች፤ ከዚያ ስልኳ እየጠራ የማይነሳ ሆነ፤ ከዚያም መጥራቱን ተወ። ከዚያ ወዲህ ልብስ ሰፊዋ የቤቱን ቁልፍ ትራሷ ሥር ሳታደርግ አትተኛም።

«አንተ፣» አለች ወደ ሶፋው ዞራ፤ «ተነሣማ። ይቺ ልጅ ልትሄድብኝ ነው።»

ወንድሟ አንድ ዐይኑን ገለጠ። «ወዴት?»

«ውጭ! ወዴት ይሆናል?»

«ማን አለሽ?»

«ላስቲኩ።»

ተነሥቶ ተቀመጠ። «እቴ፣ ባለፈው ድመቷ ሁለት ቀን ብትጠፋ ‹ተሰርቃ ተሽጣለች› አላልሽም? ቁም ሣጥን ውስጥ አልነበረችም?»

«አሹፍ። ማታ ማታ በሩ ላይ ቆሜ የሰማሁትን ብትሰማ አታሾፍም ነበር። ‹ኮንትራክት› ትላለች። ‹ፐርሚት› ትላለች። ‹ትራንስፖርት› ትላለች። ዝም ብላ አንዴ አትላቸውም፤ ደጋግማ ደጋግማ። እኔም እኮ ትምህርት ቤት ገብቻለሁ፤ ውል፣ ፈቃድ፣ ጉዞ ማለት መሆኑ አይጠፋኝም። ደግሞ ወንድ አለ። በስልክ ‹ጠበቅ፣ ላላ› ይላታል።»

ሹፌሩ አገጩን አከከ። «ዕቃ የሚልክ መሥሪያ ቤት ተቀምጣ ስለ ምን ታውራ? ስለ ፀጉር ቅባት?»

እግሯ ወደ ልጅቷ ክፍል ወስዷት ነበር። አልጋው ተነጥፏል፤ ወንበሩ ባዶ ነው። ግድግዳው ላይ ግን ግራጫው ጃኬት ተተኩሶ ተሰቅሏል። ወፌ ደግሞ የተጨማደደ ልብስ ለብሳ «ሲሞቀኝ ይፈታል» የምትል ልጅ ናት። ኪሱን ዳሰሰች። ፓስፖርት የለም። መታወቂያዋ ግን አለ፤ ከጫማ መወልወያ ጨርቅና ከአንድ ማስቲካ ጋር፣ ለነገ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል።

ብዙ አላሰበችም። መታወቂያውን ወስዳ ስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ሥር ደበቀችው። ያለ መታወቂያ የትም አይኬድም። ወረቀት የሌለውን ሰው ደላላም አያስኬደውም። ከዚያ የጉርዱን ስፌት መተርተር ጀመረች።

አመሻሽ ላይ ወፌ መጣች። «እማዬ ደህና ዋልሽ፣ ጋሼ እንዴት ዋልክ» ብላ በቀጥታ ወደ ክፍሏ ገባች። በሩ ገጭ አለ። ብዙም ሳይቆይ ያ የወንድ ድምፅ ተሰማ። እናቲቱ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ወደ በሩ ተጠጋች። ሹፌሩ ከሶፋው ላይ ጭንቅላቱን ነቀነቀባት፤ ቆይቶ ግን እሱም መጥቶ ከኋላዋ ቆመ።

«ነገ ፍርሃት የሚባል ነገር እንዳታሳዪ፣» ይላል ሰውየው። «በይ ኤክስፖርት። ከፊት ጠበቅ፣ ከኋላ ላላ።»

«ኤክስፖርት፣» አለች ልጅቷ።

«አሁን ገልብጪው። ከፊት ላላ፣ ከኋላ ጠበቅ። ሳቢው!»

እናቲቱ ወንድሟን በዐይኗ «ሰማህ?» አለችው። ወዲያው በሩ ተከፈተና ሦስቱም ፊት ለፊት ተፋጠጡ። ልጅቷ በአንድ እጇ ስልኳን፣ በሌላው የላስቲክ ቁራጭ ይዛለች።

«በስመአብ! ምን ሆናችሁ ነው?»

«ሽንት ቤት ልሄድ ስል ነው፣» አለ ሹፌሩ።

«በእኔ ክፍል በኩል?» ስልኩን ዘጋችው። «እማዬ፣ መታወቂያዬን አይተሻል? ጃኬቴ ውስጥ ነበር።»

«ለምን ፈለግሽው?»

«ለነገ።»

«ነገ የት ነው?»

ልጅቷ ዐይኗን ወደ ስልኳ መለሰች። እናቲቱ ወደ ላስቲኩ ጠቆመች። «ወገብሽን ለክተሽ ጨርሰሻል። ኪሱን ማን ሊሰፋልሽ ነው? እኔ ነኝ እንዳትዪ። አንዴ ሰፍቻለሁ፤ ይበቃኛል። ውሉን ፈርመሻል? ልጄ፣ ንገሪኝ፤ ፈርመሻል?»

«የምን ውል?»

«ኮንትራክት እያልሽ የምታመሺበትን!»

ወፌ ወደ እናቷ አየች፣ ወደ ላስቲኩ አየች፣ ከዚያ አልጋዋ ላይ ቁጭ አለች። ልትስቅ ነበር፤ የእናቷን ፊት ስታይ ተወችው።

«የትም አልሄድም። ነገ ዋናው መሥሪያ ቤት ፈተና አለብን። የእንግሊዝኛ ንግግር። ውጭ አገር ያሉት ደንበኞች ስልክ ሳነሳ ‹እንደገና በዪው፣ እንደገና በዪው› ይሉኛል። ቃሉን አውቀዋለሁ፣ ስጽፈው አልስትም፤ ግን እኔ ስናገር ሁሉንም ፊደል እኩል ነው የምረግጠው። እነሱ ደግሞ አንዱን ይረግጡና ሌላውን ይውጡታል። ያለ ቦታው ከረገጥሽው አይሰሙሽም። ያላለፈ ሰው ስልክ አያነሳም ተብሏል። ስልክ የማላነሳ ከሆነ ደግሞ እዚያ ቤት ምን እሠራለሁ?»

«ሰውየውስ?»

«የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ባለፈው ዙር አልፏል።»

«ዕድሜው ስንት ነው?»

«እማዬ!»

«ባለትዳር መሆኑ ነው መጀመሪያ የሚጠየቀው፣» አለ ሹፌሩ።

«ሁለት ልጆች አሉት፣ ጋሼ። ማምሻውን ከጀርባው ሲያለቅሱ አልሰማችሁም? በሩ ላይ ከቆማችሁ አይቀር ሁሉንም ነበር መስማት።» ላስቲኩን ከፍ አደረገች። «ይኼን ያስተማረኝ እሱ ነው። ቃሉ የሚጠብቅበት ላይ ትስቢዋለሽ፣ የሚላላበት ላይ ትለቂዋለሽ። እጅሽ ሲለምድ አፍሽ ይከተላል። በሥራ ሰዓት ይኼን ይዤ ነው የምለማመደው፤ ማታ ማታ ግን የሚጠብቅበትን በእስክሪብቶ ምልክት እያደረግኩ ጥቅልሽን ነበር የምስበው። ብነግርሽ ‹ታልፍ ይሆን አታልፍ› እያልሽ ዐይንሽ ሳይከደን ታነጊያለሽ ብዬ ነው የደበቅኩሽ።»

«አሁንስ መች ተከደነ፣» አለች እናቲቱ። ላስቲኩን ተቀበለቻት፤ ሳብ አደረገችው፤ ተመልሶ አልሳባትም። «በዚህ ነው የምትለማመጂው? ይኼ እኮ ሞቷል። የመድኃኒት ቤቷን ሴትዮ ገመና በአደባባይ ያወጣው የዚህ ወንድም ነው።»

«ምን?»

«በኋላ እነግርሻለሁ።» ወደ ስፌት መኪናዋ ሄዳ ከጥቅሉ ውስጥ፣ ማንም ካልነካው ክፍል፣ ክንድ የሚያህል ቆርጣ መጣች። አንዱን ጫፍ ለልጇ ሰጠች፤ ሌላውን ራሷ ያዘች። «በይ፤ ያንን ፐርሚት የምትዪውን በዪው።»

«ሁለት ነው። ወረቀቱ ሲሆን ከፊት ይጠብቃል።» ልጅቷ ስባ ተናገረች። ላስቲኩ ተወጠረና ተመለሰ። «ፈቀደ ለማለት ስትፈልጊ ደግሞ ከኋላ።» ቀጥላ ሳበች። እናቲቱ መዳፏ ላይ ልዩነቱ ተሰማት፤ አንዴ ቃሉ ሲጀምር፣ አንዴ ሲያልቅ።

«ዳገትና ቁልቁለት ነው በይኛ!» አለ ሹፌሩ። «አንዱን በነዳጅ ትወጪዋለሽ፣ ሌላውን ዝም ብሎ መንከባለል ነው። ቆይ እኔም ልሞክር። ኤ-ክስ-ፖርት!»

«ጋሼ፣ አንተ ሦስቱንም ዳገት አደረግከው።»

ሳቁ። እናቲቱም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። እንዲህ ሲለማመዱ ቆዩ። ልጅቷ ስትስት ላስቲኩ በተሳሳተ ቦታ ይወጠራል፤ ያኔ እናቲቱ ቃሉን ሳታውቅ «እንደገና» ትላለች።

«እሺ ነገ አለፍሽ እንበል፤» አለች በመሐል። «ከዚያስ?»

«ከዚያማ እዚያችው ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ።»

«ከዚያስ?»

ልጅቷ ላስቲኩን ጣቷ ላይ ጠቀለለች። «ጎበዝ የሆነ ሰው ወደብ አጠገብ ወዳለው ቅርንጫፍ ይዛወራል ይባላል። ይባላል ነው ያልኩሽ፤ እኔን ማንም አልጠየቀኝም።»

ይኸው። ሆዷ አልዋሻትም፤ መንገዱን ብቻ ነው የሳተው። ልብስ ሰፊዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። መታወቂያው መሳቢያው ውስጥ ነው። ዛሬ ማታ ባይገኝ፣ ነገ ዘበኛው ከበር ይመልሳታል፤ ፈተናው ያልፋል፤ ወደብም ቅርንጫፍም የሚባል ነገር አይኖርም። አንድ ቃል መናገር አይጠበቅባትም፤ ዝም ማለት ብቻ ነው።

ልጅቷ የጃኬቱን ኪስ እንደገና ገለበጠችው፤ አልጋው ሥር ተንበርክካ አየች። «ዘበኛው ያለ መታወቂያ አያስገባም እኮ፤» አለች፣ ዐይኗ እንባ አቅርሮ። «የት ጣልኩት?»

እናቲቱ ተነሥታ ወደ ስፌት መኪናዋ ሄደች። መሳቢያውን ስባ፣ ቁርጥራጩን ጨርቅ ገለጥ አድርጋ መታወቂያውን አወጣችና አልጋው ላይ አስቀመጠችው።

ሹፌሩ ጣሪያውን ያያል። ወፌ ፎቶዋን በአውራ ጣቷ ጠረገችው።

«ስንት ማታ ነው በሬ ላይ የቆምሽው፣ እማዬ?»

«እስክትተኚ ድረስ ነው የምቆመው። ሁልጊዜ።» ከዚያ ቆጣ አለች። «አንቺስ መርፌ ቁልፍ በግራ በኩል የምትሰኪው ምን ሆነሽ ነው? ሌባ እንኳን እንደዚያ አይሰካም!»

ልጅቷ እንባዋን እየጠረገች ፈገግ አለች። መታወቂያውን ኪሷ ከተተች፤ ቆይታ ግን አወጣችውና ትራሷ ሥር አደረገችው። እናቲቱ አየቻት። አሁን የምትጠረጠረው እሷ ራሷ እንደሆነች ገባት፤ ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ተጠራጣሪ አንድ ቤት ውስጥ ሊያድሩ ነው።

ወደ በሩ ሄደች። ደጁን ግራና ቀኝ አየች፤ መድኃኒት ቤቱ መብራቱን አጥፍቷል። በሩን ገፋችና ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረችው። እጀታውን ስትስበው አልነቃነቅ አለ። ቁልፉን እንደወትሮው ነቅላ ልትወስድ እጇን ሰደደች። ወፌ ነገ ማለዳ ነው የምትወጣው፤ ቁልፍ ፍለጋ ሰው አትቀሰቅስም። ከክፍሏ ድምጿ ይሰማል፤ ከፊት ጠበቅ፣ ከኋላ ላላ። ልብስ ሰፊዋ አንድ ጊዜ አዳመጠች፣ በሩን እንደገና ሳብ አድርጋ አረጋገጠች፣ ቁልፉን ግን እዚያው በሩ ላይ ተወችው።