አረንጓዴው አባት

ሰምሃር አባቷን ስለ ሽንት ቤት ላለመጠየቅ ስትል አፕ ሠራች። ይህን እንዲህ ቁልጭ አድርጋ ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ወረቀት ላይ የጻፈችው «ከትልቁ አንጀት ካንሰር ላገገሙ ሰዎች የዕለት ክትትል» የሚል ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ አባቷ ፍስሃ አንጀቱን ተቆርጦ፣ ኬሞውን ጨርሶ ወደ ሥራው ሲመለስ የሚያክሙት ሴት ሐኪም ሰምሃርን ለብቻዋ ጠርተው፣ «ሰገራቸውን ተከታተዪ፤ ደም ካዩ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይምጡ» አሏት። ሰምሃር «እሺ» አለችና ወራት ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተደፋች። አንድ ጥያቄ ከመጠየቅ ይህ ቀለላት።

አፑ በየጠዋቱ «እንደምን አደሩ?» ይልና ስለ ምግብ፣ ስለ ክብደት፣ በመጨረሻም ስለ ደም ይጠይቃል። ደህና ከሆነ አረንጓዴውን፣ ካልሆነ ቀዩን መንካት ነው። ቀይ ከተነካ መልእክቱ ለእሷም ለሐኪሟም ይደርሳል።

ፍስሃ አረንጓዴ ሆነ። በየጥያቄው፣ በበዓልም በአዘቦትም አረንጓዴ። ከፋሲካ ማግስት፣ ጾሙን የፈታ የፒያሳ ሕዝብ በሙሉ ሆዱን ይዞ ሲያቃስት እንኳ የአባቷ አንጀት እንደ ሐምሌ ሣር ለምልሞ ነበር። ይህም አላጠራጠራትም። የተማረች ልጅ በግራፍ ታምናለች፤ በተለይ ግራፉን ራሷ ከሠራችው።

አንድ ሆስፒታል አፑን ሊያይላት ቀጠሮ ሰጥቷት ስለነበር፣ በዋዜማው አባቷን ከነስልኩ ፎቶ ልታነሳ ወደ ሱቁ ሄደች። ፍስሃ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከፍ ብሎ ማህተም ይቀርጻል። ጋሽ እንድሪስ ደግሞ እዚያው ሰዓት ይጠግናሉ፤ አንድ ባንኮኒ ለሁለት ተካፍለው ሲፎጋገሩ ይውላሉ።

«ሐኪማችን መጣች» አሉ እንድሪስ። «ዛሬ ደግሞ የእኔን አንጀት ልትጠይቂ ነው?»

«የእርስዎ ተራ ገና ነው፣ ጋሽ እንድሪስ። አባዬ፣ እስቲ ተነስና ስልኩን ያዝ።»

ፍስሃ ተነሳ። ሱሪው ወገቡ ላይ እንደ ከረጢት አፍ ተጨማድዶ ነበር። ቀበቶው ላይ፣ ፋብሪካው ከበሳቸው ራቅ ብለው፣ አዳዲስ ቀዳዳዎች ይታያሉ። በማህተም መቅረጫ የተበሱ መሆናቸው ያስታውቃል፤ ንጹሕ ሥራ ነው።

«ክብደቴ አልቀነሰም ብለህ አይደል እንዴ የምትሞላው?»

«አልቀነሰም።»

«ቀበቶው ነዋ የረዘመው» አሉ እንድሪስ። ፍስሃ አፈጠጠባቸው። «ምን ታፈጥብኛለህ? ትወቅ እንጂ። እየውልሽ ሰምሃርዬ፣ አፑን የምነካው እኔ ነኝ። እሱ መነጽሩን ፈልጎ እስኪያገኝ ጠቅ ጠቅ አደርግለታለሁ። ባለፈው ቀዩን ልነካ ስል እጄን ያዘኝ።»

«ለምን?»

አባቷ የማህተሙን ብናኝ እፍ እያለ መለሰ። «ስምሽ አለበታ። ሲከፈት ‹አዘጋጅ፦ ሰምሃር ፍስሃ› ይላል። ትልልቅ ሰዎች ያዩታል አልሽን። የገዛ አባቷ ቀይ ከሆነ ሥራዋን ማን ያምናል ብዬ ነው።»

«ፈተናሽን ሠራንልሽ» አሉ እንድሪስ። «አንድም አልሳትንም።»

ሰምሃር ልትቆጣ ፈልጋ የምትቆጣው ሰው አጣች። የልጁን ውጤት በገዛ እጁ እንዲያበላሽ የሚጠየቅ አባት የት አገር አለ? ለሰው የውጤት ካርድ ሰጥታ የሕክምና መረጃ ሰበሰብኩ ስትል ከርማለች።

የቀረችው አንዲት ጥያቄ ናት። አፑ ላይ ብዙ አውጥታ አውርዳ «በሚጸዳዱበት ጊዜ ያልተለመደ ቀለም አስተውለዋል?» የምትል አጻጻፍ መርጣላት ነበር። አሁን ባንኮኒው አጠገብ አንድ ደንበኛ ማህተሙን እየጠበቀ ቆሟል።

«አባዬ፣ ሽንት ቤት ስትቀመጥ ደም ታያለህ?»

ደንበኛው ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

«ሰው ፊት?» አለ ፍስሃ።

«ሰው ፊት።»

ማህተሙን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ «ከዳግም ትንሣኤ ወዲህ» አለ። «ብዙም አይደለም።»

እንድሪስ ሱቁን እጠብቃለሁ አሉ። ወደ ሐኪሟ የሚወስዳቸው ታክሲ ቸርችል ጎዳናን ሲወርድ ፍስሃ ስለ ነገው ቀጠሮዋ ጠየቃት።

«አረንጓዴውን እንዳለ አሳያቸዋለሁ። ይሳቁብኝ።»

ሐኪሟ ያለቀጠሮ ተቀበሏቸው። አባቷ ያፍራል ብላ በእሱ ፈንታ ልትናገር አፏን ስትከፍት ቀደማት። አንዴ ደንበኛ ፊት ከተዋረድኩ ምን ቀረኝ ያለ ይመስላል፤ ከቀለሙ እስከ መጠኑ፣ ከመጠኑ እስከ ሽታው አንድ ሳያስቀር ዘረዘረው። ሰምሃር ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የእጅ አስተጣጠብ መመሪያ ደጋግማ አነበበች። ያን ሁሉ ጥያቄ የቀመረችው ሴት ለመልሱ የሚሆን ጆሮ አልነበራትም።

«ከሐሙስ አናሳልፈውም» አሉ ሐኪሟ። «አንጀትዎን ውስጡን በካሜራ እናያለን። ረቡዕ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ይጠጣሉ፤ የሚወጣው እንደ ውሃ እስኪጠራ ድረስ። መጥራቱን እያየ የሚነግረን ሰው ቤት ውስጥ አለ?»

ፍስሃ ወደ ልጁ አልዞረም፤ ሊያሳፍራት አልፈለገም።

«አለ» አለች ሰምሃር። «እኔ አያለሁ።»